ውሻው ጫማ ይበላል፤ መድኃኒቱ ጭድ ተራ ነው

«ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» የሚለው ተረት ስለ ፖለቲካ ይነገራል፣ ስለ ቤተ ዘመድ ጠብ ይነገራል፣ ስለ ድርጅት ገመናም ይነገራል። ስለ ውሻ ሲነገር ግን አይሰማም። ውሻው ለምን እንደሚቀድ የጠየቀ ሰው ስለሌለ ይሆናል።

አዲስ አበባ ውስጥ ውሻ ያሳደገ ሰው ሁሉ ስሞታው ተመሳሳይ ነው። ጫማ በላ። የበር ምንጣፍ ዘነጠለ። የውሃ ጎማ በጠሰ። የተሰጣ አንሶላ ከገመድ ላይ አውርዶ ቦጫጨቀ። ትንሽ አቅም ያለው ሰው ደግሞ «መጫወቻ ካገኘ ጫማውን ይተዋል» ብሎ ከውጭ የመጣ የላስቲክ አጥንት ወይም ሲጫኑት የሚጮህ አሻንጉሊት ይገዛል። በማግስቱ ግቢው በጥጥ ተሸፍኖ፣ የምትጮኸዋ ፕላስቲክ ጠፍታ ያገኘዋል። ጠፋች ማለት ብዙ ጊዜ ውሻው ሆድ ውስጥ ገባች ማለት ነው። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋው የት እንደደረሰ ይታወቃል። የውሻ መጫወቻም ከዚህ አያመልጥም።

ከዚህ በኋላ ለባለቤቱ ሁለት መንገድ ይታየዋል። አንዱ የበለጠ ጠንካራ መጫወቻ መፈለግ ነው። ሌላው፣ ብዙው ሰው የሚመርጠው፣ ሰንሰለት ነው። ሁለቱም አያዋጡም፤ ሁለተኛው እንዲያውም ለጎረቤት ልጅ አደጋ ነው።

ቡችላ 28 የወተት ጥርስ አለው። ሦስት አራት ወር ከሞላው ጀምሮ እነዚህ እየወለቁ በ42 ቋሚ ጥርስ ይተካሉ፤ ስድስት ሰባት ወር ሲሆነው ያበቃል። በዚያ ጊዜ ድዱ ስለሚበላው ያገኘውን ያኝካል። ይህን ብዙ ሰው ያውቀዋል፤ «ጥርስ እያወጣ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ነገሩ የሚከፋው ውሻው ዓመት አልፎት፣ ሁለት ዓመት ሞልቶት ማኘኩን ሳይተው ሲቀር ነው። ያኔ «ባለጌ ነው»፣ «እልኸኛ ነው»፣ «ሆን ብሎ ነው» መባል ይጀምራል። ዱላም ይከተላል።

ውሻ የአዳኝ ዘር ነው። አዳኝ አውሬ ምግቡን የሚያገኘው በቅደም ተከተል ነው፤ ያሸታል፣ ያደባል፣ ያባርራል፣ ይነክሳል፣ ይገድላል፣ ከዚያ ቆዳውን ገልጦ ሆድ ዕቃውን አውጥቶ ይበላል። የሰው ልጅ ውሻን በሺዎች ለሚቆጠሩ ዓመታት ሲያራባ አንዳንዱን እርምጃ አዳከመው፣ አንዳንዱን አጠነከረው፤ ከነጭራሹ ግን አላጠፋውም። አሻንጉሊቱን ሰንጥቆ ጥጡን የሚያወጣ ውሻ የመጨረሻውን እርምጃ እየሠራ ነው። ፋብሪካውም ውስጡ የምትጮህ ነገር ሲከት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ድምፅዋ የተያዘች ትንሽ እንስሳ ድምፅ ትመስላለች። እንዲገደል ተደርጎ የተሠራን ነገር «ለምን ገደልከው» ብሎ ውሻ መምታት ትንሽ ይከብዳል።

የጠንካራ መጫወቻ ነገር ሲነሣ የአንድ ውሻ ታሪክ ቢነገር ጥሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት ጆ ማርካም የሚባል ሰው ፍሪትዝ የተባለ ጀርመን ሼፐርድ ነበረው። ፍሪትዝ ድንጋይ ያኝክ ነበር፤ ጥርሱም እያለቀ ነበር። ጌታው የቮልስዋገን መኪናውን ሲጠግን ከሥሯ የፈታውን የላስቲክ ዕቃ ውሻው አንሥቶ ማኘክ ጀመረ፤ ድንጋዩንም ተወው። ዛሬ በዓለም ላይ በጣም ከሚሸጡት የውሻ መጫወቻዎች አንዱ የሆነው «ኮንግ» የተወለደው ከዚያ የመኪና ውዳቂ ነው። ውስጡ ባዶ ነው፤ ምግብ ይጠቀጠቅበታል፤ ውሻው ያንን ለማውጣት ረጅም ጊዜ ይለፋል። ብዙ ሰው ይህን ታሪክ ሲሰማ የሚይዘው ስለ ላስቲኩ ጥንካሬ ነው። ቁም ነገሩ ግን ቀዳዳው ላይ ነው። ውሻው ሥራ አገኘ፤ ለሥራውም ደመወዝ አገኘ።

ታሪኩ የመርካቶ ሰው ዘንድ ቢደርስ አይደንቀውም። ምናለሽ ተራ ከሌላው የተረፈ ነገር ሁሉ ሁለተኛ ዕድሜ የሚያገኝበት ቦታ ነው። ከመኪና ጎማ በረባሶ የሚቆርጥ እጅ ከዚያው ጎማ የውሻ መጫወቻ ለመቁረጥ አይቸገርም። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የመኪና ጎማ ውስጡ ሽቦ አለው፤ በተለይ ከቸርኬው ጋር የሚገናኘው ጠርዝ በብረት ሽቦ የተጠቀለለ ነው። ውሻ ጎማውን እየቦጨቀ ሲሄድ ሽቦው ይወጣና ድድና አንጀት ይወጋል። የጎማው ውስጠኛ ላስቲክ ሽቦ የለውም፤ ነገር ግን እየተቆራረጠ ይዋጣል። ስለዚህ «ጎማ አይበጠስም፣ ይጣልለት» የሚለው ምክር ርካሽ ይመስላል እንጂ ርካሽ አይደለም።

በጣም ጠንካራ ነገርም ሌላ ጣጣ አለው። የበሬ ቀንድ፣ የከብት ሰኮና፣ የጭን አጥንት፣ እነዚህ አይሰበሩም፤ የሚሰበረው ጥርሱ ነው። የእንስሳት ሐኪሞች ቀላል መለኪያ አላቸው፤ በጥፍር ሲጫኑት ትንሽ እንኳ የማይጎደጉድ ነገር ለውሻ ጥርስ ከባድ ነው። ከአፉ ያነሰና ሊዋጥ የሚችል ነገርም አይሰጥም። እየተቆረሰ የመጣ መጫወቻ ሳይዋጥ በጊዜ ይነሣል።

አጥንት እንግዲህ የኢትዮጵያ ውሻ ዋና መጫወቻ ነው፤ ስለ እሱ ዝም ማለት አይቻልም። ቤት ውስጥ ከወጥ የወጣ፣ የተቀቀለ ወይም የተጠበሰ አጥንት ይደርቅና ሲሰበር እንደ ስንጥር ይሰነጠቃል፤ የዶሮ አጥንት ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። የዶሮ ወጥ አጥንት ለውሻ መጣል እንደ ቸርነት ቢታይም ጉሮሮ ላይ የሚቀር ቸርነት ነው። ከሥጋ ቤት የሚመጣው ጥሬ አጥንት በዚህ በኩል ይሻላል። ከአጥንቱ ጋር የሚመጣው ጥሬ ሳንባና ጉበት ግን ሌላ ነገር ነው። በሳንባና በጉበት ላይ የሚታየው ውሃ የቋጠረ እብጠት የአንድ ትል እጭ ነው። ውሻ ጥሬውን ሲበላ ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፤ እንቁላሉ ከኩሱ ጋር ወጥቶ በእጅና በምግብ ወደ ሰው ይገባል፤ በሰው ጉበትና ሳንባ ላይም ያንኑ እብጠት ያበቅላል። በደንብ ከተቀቀለ ይሞታል። ለውሻ ሳንባ የሚገዛ ሰው ድስትም ማዘጋጀት አለበት።

እዚህ ጋ ሌላ የማይወራ ነገር አለ፤ ጾም። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ብዙዎቹ የክርስቲያን ሥጋ ቤቶች ሲዘጉ፣ ቤት ውስጥም ድስቱ ሽሮና ምስር ሲሆን፣ ውሻው ሳያስበው አብሮ ጾመኛ ይሆናል። አጥንቱ ይቀራል፣ ፍርፋሪውም ይለወጣል። በጾም ወራት «ውሻው ዘንድሮ ምን ነካው?» የሚል ባለቤት መጀመሪያ የውሻውን ሳህን ቢያይ ጥሩ ነው። (መርካቶ በዚህ በኩል ዕድለኛ ናት፤ የሙስሊሙ ሥጋ ቤት ክፍት ነው።)

አጥንት ሲጠፋ ውሻው ግቢው ውስጥ ያለውን ያነሣል። ሃይላንድ ያነሣል፤ ሲጨመቅ ስለሚንኳኳ ይወደዋል፤ ክዳኗ ግን ትዋጣለች፣ ፕላስቲኩም ሲቀደድ እንደ ምላጭ ይሆናል። ፌስታል ያነሣል፤ በተለይ ሥጋ የተቋጠረበትን። ማዳበሪያ ያነሣል። ማዳበሪያና የናይለን ገመድ ከሁሉም የከፉ ናቸው፤ ክሩ እየተተረተረ ይዋጥና አንጀት ውስጥ ይወጠራል፤ አንጀቱን እንደ መጋረጃ ሰብስቦ እስከ መቁረጥ ይደርሳል። ምግብ እምቢ ያለ፣ ደጋግሞ የሚያስመልስ፣ ሆዱ የተወጠረ ውሻ ሐኪም ዘንድ መሄድ ያለበት በዚያው ቀን ነው። ከቂጡ የተንጠለጠለ ክር ቢታይ ደግሞ ጎትቶ ማውጣት ክልክል ነው።

ታዲያ ምን ይሰጠው?

መርካቶ ውስጥ የተራ ስም ከሸቀጡ የበለጠ ዕድሜ አለው። ገበያው በጣሊያን ወረራ ዘመን ከአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ተነሥቶ ወደ አሁኑ ቦታ ከመጣ ወዲህ ስንት ነገር ተለወጠ፤ ተራው ግን በስሙ ይጠራል። ጭድ ተራም ስሙን ያገኘው ከጭድ ነው። ጭድ አዲስ አበባን ያቆመ ነገር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ከጭቃ ጋር ተቦክቶ ግድግዳ ሆኗል፣ ፍራሽ ውስጥ ገብቶ መኝታ ሆኗል፣ ለከብቱም መኖ ነው። ብሎኬትና ስፖንጅ ከመጡ ወዲህ ክብሩ ቀንሷል።

ይህ ክብሩ የቀነሰ ነገር አጥፊ ለሚባል ውሻ ከሁሉ የተሻለ መጫወቻ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ሰፊ የካርቶን ሣጥን ወይም አሮጌ ሳፋ ይወሰዳል። ጭድ ይሞላበታል። የውሻው ራት፣ ማለትም የደረቀ ዳቦ ቁራሽ፣ የእንጀራ ድርቆሽ፣ የተቀቀለ ሥጋ ብጥስጣሽ፣ ያለው ነገር፣ በጭዱ ውስጥ ይበተናል። በሳህን ቢቀርብለት በሁለት ደቂቃ የሚጨርሰውን ራት አፍንጫውን ቀብሮ ሲፈልግ ሃያና ሠላሳ ደቂቃ ይቆያል። ያሸታል፣ ይቆፍራል፣ ይበትናል። ካርቶኑን በመጨረሻ ይቦጫጭቀው፤ ካርቶን ተቀዶ ጫማ ይተርፋል። የብረት ስፌቱንና የፕላስቲክ እሽግ ቴፑን አስቀድሞ ማንሣት ይበቃል። ጭዱን ግን ሊያጠፋው አይችልም፤ ጭድ አስቀድሞ በበሬ እግር የተደቀቀ ነው። ኮሎራዶ ላይ በላስቲክ የተሠራው ሥራ እዚህ በጭድ ይሠራል።

የጤፍ ጭድ ይመረጣል፤ ለስላሳ ነው። የገብስ ጭድ ጢም አለው፤ ጢሙ በጆሮ፣ በአፍንጫ፣ በእግር ጣቶች መካከል ይገባና ወደ ውስጥ እየተጓዘ ቁስል ያመጣል። የሻገተ ጭድ ሣንባ ያውካል፤ ደረቅ መሆን አለበት። ከከብት መኖ ሻጭ የሚገዛ አንድ ማዳበሪያ ጭድ ለአንድ ውሻ ብዙ ቀን ይበቃል። የተረፈው መኝታው ይሆናል፤ በሐምሌ ብርድ ሲሚንቶ ላይ ለሚያድር ውሻ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ለመርካቶ ሰው ይህ ዘዴ ሌላም ጥቅም አለው። ሙስሊም ነጋዴ ለሱቁ ወይም ለመጋዘኑ ጥበቃ ውሻ ሊኖረው ይችላል፤ የውሻ ለሃጭ እንዳይነካው ግን ይጠነቀቃል። በለሃጭ የራሰ ኳስ ከአፉ ተቀብሎ መልሶ መወርወር ለእሱ የማይታሰብ ነው። ጭዱ ውስጥ ምግብ በትኖ መሄድ ግን ውሻውን መንካት አይጠይቅም። ክርስቲያኑም ቢሆን አብዛኛው ውሻውን ከደጅ አልፎ አያስገባም። ከሌላ አገር የመጣው «ከውሻህ ጋር በቀን ሁለት ጊዜ ተጫወት» የሚል ምክር እዚህ ሰሚ የማያገኘው ስለዚህ ነው።

አሁን ወደ ሰንሰለቱ። የከተማው ጥበቃ ውሻ አብዛኛው ቀን ታስሮ ሌሊት የሚፈታ ነው። «ቀን ከታሰረ ኃይለኛ ይሆናል» የሚል እምነት አለ፤ በሩ ላይም «ኃይለኛ ውሻ አለ» ተብሎ ይጻፋል። አሥራ ሁለት ሰዓት ሁለት ሜትር ሰንሰለት ላይ የቆመ ውሻ ኃይለኛ ሆነ ማለት ግን ጥሩ ጠባቂ ሆነ ማለት አይደለም። ሌባውንም፣ ውሃ ቆጣሪ የሚያነበውንም፣ ኳስ ሊያነሣ የገባውን የጎረቤት ልጅም አይለይም። ሰንሰለቱን ያኝካል፤ ጥርሱን ይጨርሳል፤ አንድ ቀን ቀለበቱ ይለቃል። እዚያ ቀን ላይ «ውሻ በቀደደው» የሚለው ተረት ተረት መሆኑ ይቀራል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሆነ ይደነግጋል። እንስሳው በድንገት ከቁጥጥሩ ቢያመልጥም፣ ጉዳቱ ያልታሰበ ቢሆንም ኃላፊነቱ አይቀርም። «ሰንሰለቱ ተበጥሶ ነው» የሚለው ማመካኛ በሕጉ ፊት ክብደት የለውም።

አብዛኛው ንክሻ ደግሞ ከመንገድ ውሻ ጋር ብቻ የተያያዘ አይደለም። ቤት ውስጥ ውሻው ጫማ ይዞ ሲታይ ሰው ሮጦ ከአፉ ይነጥቀዋል። ሁለት ሦስት ጊዜ የተነጠቀ ውሻ በአራተኛው ይዞ ይሸሻል፣ በአምስተኛው ጥርሱን ያሳያል። ከዚያ በኋላ የሚነጥቀው ትልቅ ሰው ሳይሆን የአምስት ዓመት ልጅ ከሆነ የሚደርሰው ይታወቃል። መፍትሔው ልውውጥ ነው። ከያዘው የተሻለ ነገር፣ ቁራሽ ሥጋም ይሁን ዳቦ፣ ራቅ አድርጎ መጣልለት፤ ሊያነሣ ሲሄድ ጫማውን ማንሣት። «ይህማ ጉቦ ነው» የሚል አይጠፋም። ጉቦ ቢባልም ከመርፌ ይረክሳል።

መርፌው ሲነሣ የጉለሌው ፓስተር ይታወሳል። የአዲስ አበባ ሰው ውሻ ሲነክሰው ለብዙ አሥርት ዓመታት የሄደው ወደዚያ ነው፤ በተከታታይ ቀናት ሆድ ላይ የሚወጋውን የድሮውን መርፌ የሚያስታውስ ትልቅ ሰው ዛሬም ብዙ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለውም ማለት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት በዓለም በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ያሳያል፤ 40 በመቶ ያህሎቹ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። በሰው ላይ የሚደርሰው ከሞላ ጎደል ሁሉ ከውሻ ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ከውሻ የሚመጣውን ሞት ለማስቀረት ዓለም አቀፍ ግብ ተቀምጧል። መንገዱም 70 በመቶ ውሾችን መከተብ ነው እንጂ አዲስ አበባ ለዓመታት እንደሞከረችው የባዘነውን በመርዝ መጨረስ አይደለም።

ይህ ሁሉ ከማኘክ ጋር ምን አገናኘው? በቀጥታ ይገናኛል። ከበሽታው ምልክቶች አንዱ ውሻው ምግብ ያልሆነ ነገር፣ እንጨት፣ ድንጋይ፣ አፈር፣ የራሱን ሰንሰለት መንከስና መዋጥ መጀመሩ ነው። ስለዚህ ሁለት ዓይነት አኛኪ አለ። አንዱ ከቡችላነቱ ጀምሮ ጫማ ሲበላ የኖረው፣ ሲጠሩት ጭራውን የሚቆላው ነው። ሌላው እስከ ትናንት ጨዋ ሆኖ ዛሬ ድንገት ጠባዩ የተለወጠ ነው፤ ጩኸቱ ጎርነን ይላል፣ ለሃጩ ይዝረከረካል፣ ይደበቃል ወይም ያገኘውን ይለክፋል። ከሁሉ የሚያሳስበው አገጩ ወርዶ መዋጥ ያቃተው ውሻ ነው። ባለቤቱ «አጥንት ተሰንቅሮበታል» ብሎ እጁን ወደ ጉሮሮው ይሰዳል። በበሽታው ምክንያት ሽባ የሆነ መንጋጋ ሊሆን እንደሚችል አያስብም። ከአጥንት ጋር ስለሚኖር ውሻ አጥንት ማሰብ ተፈጥሮአዊ ነው፤ እጁን ከመስደዱ በፊት ክትባት መቼ እንደወሰደ ቢያስብ ግን ይሻላል። የተነከሰ ወይም በተላጠ ቆዳው ለሃጭ የነካው ሰው ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ ሳይውል ሳያድር ጤና ተቋም መሄድ አለበት። ጸበሉም የአገር መድኃኒቱም ክትባቱን አይተኩም።

«ሰው የሚበላው ባጣበት አገር ለውሻ መጫወቻ?» የሚል ተቃውሞ ሁሌም ይመጣል፤ ሊናቅም አይገባም። ኑሮው ለሰውም አልሆነም። ነገር ግን ገንዘቡ እኮ አስቀድሞም እየወጣ ነው። አንድ የተበላ ጫማ ስንት ነው? የተነከሰ ልጅ ሕክምናስ? መልሱን ለማግኘት መቁጠሪያ አያስፈልግም። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ «አስቸገረ» ተብሎ በማዳበሪያ ተጭኖ ሌላ ሰፈር የሚጣለው ውሻ ነው። ያ ውሻ ሳይከተብ ይራባል፣ ይባዝናል፣ ከዚያ «የባዘኑ ውሾች በዙ» የሚል አቤቱታ ይመጣል። ከባዘኑት ስንቱ አንድ ወቅት ጫማ የበላ ቡችላ ነበር?

ራቱን በጭድ የጀመረ ሰው በመጀመሪያው ቀን ተስፋ እንዳይቆርጥ አንድ ነገር ይወቅ። በሳህን የለመደ ውሻ ጨዋታው ወዲያው አይገባው ይሆናል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ቀናት ምግቡ ከላይ ይታየው፣ ከዚያ እየተቀበረ ይሂድ። ልጆች ሲፈልግ አይጠጉት፤ ሁለት ውሻ ካለ ሁለት ሣጥን ይሁን፣ ተራርቆ ይቀመጥ። የረጠበው ጭድ በየጊዜው ይጣል። ቁንጫ ከታየ መኝታው ሙሉ በሙሉ ይቀየር፤ አሮጌው ደግሞ ወደ ከብት በረት አይወሰድ።